አሥራ አንደኛዋ ዶሮ

እኔ አታሚ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው የጻፈውን ሳትም ኖሬያለሁ፤ የሰው ሠርግ፣ የሰው ሐዘን፣ የሰው ቅናሽ። ስለ ራሴ ብዙ የምለው የለኝም። የማወራችሁ ከማተሚያ ቤቴ በላይ ባለችው ክፍል ስለምትሠራው ዲዛይነር ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ቆይ አንዴ» ይላታል። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፣ አልክድም። ሰው ሥራ ሊያዛት ደረጃውን ወጥቶ ገና ትንፋሹን ሳይሰበስብ «ሎጎ ፈልጌ ነበር፣ ለነገ ይደርሳል?» ሲላት፣ ወንበር ትስብለትና «ቆይ አንዴ» ትላለች። ከዚያ ጥያቄው ይጀመራል። የምትሸጠው ምንድን ነው? የሚገዛህ ማን ነው? ገዢው ዕቃውን የሚያነሳው ራሱ ከመደርደሪያ ነው ወይስ ከሻጩ እጅ ይቀበላል? መነጽር ያደርጋል? አንድ የጎማ ነጋዴ ከእሷ ዘንድ ሲወርድ ላብ በላብ ሆኖ «ይቺ ልጅ ዲዛይነር ናት ወይስ መርማሪ?» ብሎኛል።

የጠየቀችውን ሁሉ በአንድ ገጽ ትጽፍና ታስፈርማለች። ሥራው ምን እንደሆነ፣ ለማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ በመጨረሻም ማን «ይሁን» እንደሚል። ይቺን የመጨረሻዋን ነገር አጥብቃ ነው የምትይዘው፤ «ይሁን» የሚለው አንድ ሰው ብቻ መሆን አለበት ትላለች። መጀመሪያ ላይ ስቄባታለሁ። በእኛ ጊዜ ሰው ይመጣል፣ «እንደ ጎረቤቴ አድርገህ ሥራልኝ» ይላል፣ እንሠራለን፣ አለቀ። እያደር ግን ልብ ገዛሁ። የእሷ ደንበኞች እኔ ቤት መጥተው የሚጮሁት ከሌሎቹ ያነሰ ነው።

ክፍሏ ጠባብ ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ስክሪን፣ ለደንበኛ አንድ ወንበር፣ ለደንበኛው ዘመድ የሚሆን አንድ በርጩማ። ግድግዳው ላይ እስከ ጣሪያው ድረስ ባዶ ማሸጊያ ነው የተደረደረው፤ የሳሙና፣ የክብሪት፣ የብስኩት፣ የመድኃኒት። ሰው ወርቅ ያጠራቅማል፣ እሷ ባዶ ካርቶን ታጠራቅማለች። አላገባችም። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ብቻዋን የምትኖር እናት አለቻት፤ በየሳምንቱ እሑድ ትሄዳለች፣ በመሐል በቤት ስልኳ ትደውልላታለች። እናትየው ሞባይል አልፈልግም ያለች፣ ጉልበቷ ከቤት የማያስወጣት፣ ከትምህርት ቤት መዝገብ ቤት በጡረታ የወጣች ሴት ናት። ከልጇ በቀር የሚደውልላት ሰው አልነበረም።

ስምንት ዓመት የሠርግ ካርድና የክሊኒክ ታፔላ ስትሠራ ከቆየች በኋላ አንድ ቀን የዶሮ መኖ ፋብሪካ ባለቤት ራሱ ደረጃውን ወጣ። ወፈር ያለ፣ ድምፁ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ፣ ልቡ ግን ክፉ ያልሆነ ሰው ነው። ከኋላው የሽያጭ ኃላፊው ተከትሎታል፤ ቀጭን ወጣት፣ ማስታወሻ ደብተር የማይለየው፣ ሲጽፍበት ግን አይቼው የማላውቅ። ፋብሪካው ሦስት ዓይነት መኖ ይሠራል፤ የጫጩት፣ የታዳጊ ዶሮ እና የእንቁላል ጣይ። ከከረጢቶቹ አፍ ጋር አብሮ የሚሰፋ ባለቀለም ወረቀት ይፈልጋሉ። እሱ ካማረ የዓመቱ ሥራ በሙሉ የእሷ ነው፤ የመኪኖቹ ላይ ሥዕል፣ የሱቆቹ ታፔላ፣ የቀን መቁጠሪያው፣ ነገር ዓለሙ። ሰዎቹ እንደሄዱ ወደ እኔ ወረደችና የቀለም ጣሳ ላይ ቁጭ ብላ «ጋሼ፣ ይሄን ከያዝኩ ሰው ሆንኩ ማለት ነው» አለችኝ። እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር። አንጀቴን በላችው።

በሳምንቱ ሦስት ንድፍ ይዛ ሄደች። እኔም ስለ ወረቀቱ ውፍረት ልነጋገር አብሬያት ነበርኩ። በጫጩት መኖው ላይ ጫጩት፣ በታዳጊው ላይ ላባዋ ገና ያልሞላ ቄብ፣ በሦስተኛው ላይ እንቁላል አጠገብ የቆመች ዶሮ ሥላለች። የመኖ ገዢ ሁሉ አንባቢ አይደለም፣ አንባቢውም ቢሆን ገበያ ላይ ይቸኩላል፣ ሥዕሉን አይቶ ይለይ ነው ሐሳቧ። ባለፋብሪካው ንድፎቹን አገላብጦ አየና ወደ ግድግዳው ዞረ። እዚያ በፍሬም የተሰቀለ የደበዘዘ ፎቶ አለ፤ አንዲት ዶሮ። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ሥራ ፈትቶ ቤት በተቀመጠበት ጊዜ በዚች ዶሮ እንደጀመረ፣ የእሷን እንቁላል እያስፈለፈለ እዚህ እንደደረሰ ነገረን። ሲያወራ ዓይኑ እንባ አቀረረ። የፋብሪካው ፊት እሷ ስለሆነች በሦስቱም ከረጢት ላይ እሷው እንድትሆን ፈለገ።

«ገዢው አይምታታበትም?» አለችው።

ስሙ በትልቁ ተጽፎ የለም ወይ አላት። እውነት ነው፣ ተጽፏል። ዝም አለች። እኔም ያኔ ዝምታዋ ብልህነት መስሎኝ በልቤ «ጎሽ፣ አደግሽ» ብያለሁ።

ከዚያ የዶሮዋ ነገር መጣ። ወረቀቱ ላይ «ይሁን» የሚለው ባለፋብሪካው ብቻ እንደሆነ ተጽፎ ተፈርሟል፤ ሰውዬው ግን «ይሁን» ከማለቱ በፊት ያልጠየቀው ፍጡር የለም። የመጀመሪያዋን ዶሮ አይቶ «ታኮርፋለች» አለ። ሁለተኛዋ ፈገግ ያለች ስትሆን የሽያጭ ኃላፊው ዶሮ ከየት አባቷ ጥርስ አምጥታ ትስቃለች አለ። ሦስተኛዋን የባለፋብሪካው ሚስት አይታ በስልክ መልእክት ላከች፤ ከስታለች፣ የኛን መኖ በልታ እንዲህ ከሆነች ማን ይገዛናል? አራተኛዋ ወፈረች፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ ይቺማ ለድስት የደረሰች ናት ብላ ሁሉንም አሳቀች። አምስተኛዋ ወደ ቀኝ ስለምታይ ወደ ግራ ትዙር ተባለ። ሰባተኛዋ ላይ የጭራዋ ነገር ሁለት ቀን ፈጀ። ዘጠነኛዋን ዘበኛው ሳይቀር አየ፤ እሱ እንኳን ጥሩ ናት ብሎ ነበር፣ የሰማው የለም። አሥራ አንደኛዋን ሲያይ ባለፋብሪካው መነጽሩን አውልቆ ፎቶውን አየ፣ ስክሪኑን አየ፣ ደግሞ ፎቶውን አየ። «እሷ ናት» አለ። ልጅቷ ሐሳቡን ሳይቀይር ስክሪኑን ቶሎ አጠፋችው።

አሁን ስለ ቁጥሩ ልናገር። ከወረቀቱ ግርጌ «ጥያቄ ካለዎት ይደውሉልን» የሚል መስመር አለ። የሽያጭ ኃላፊው የሚጻፈውን ቁጥር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ነገ እልክልሻለሁ» እያለ ነው። ዲዛይነር ደግሞ ያልመጣ ነገር ያለበትን ቦታ ባዶ አይተወውም፤ ባዶ ከተወው ደንበኛው ሌላውን ሁሉ ትቶ ስለ ባዶው ያወራል። ዜሮ ብቻ ብትደረድር «ይህ ሁሉ ዜሮ ምንድን ነው?» ይባላል። ስለዚህ እውነተኛ የሚመስል ነገር ለጊዜው ታስቀምጣለች፣ ዓይን ሳይደናቀፍ እንዲያልፈው። እሷም በቃሏ የምታውቀውን አንድ ቁጥር አስቀመጠች፤ የእናቷን የቤት ስልክ። ዓይንም ሳይደናቀፍ አለፈው። የእሷም፣ የሽያጭ ኃላፊውም፣ የባለፋብሪካውም፣ የእኔም ዓይን። አሥራ አንድ ዙር ሙሉ ሁላችንም የምናየው ዶሮዋን ነበር።

ደንቡ እንዲህ ነው፦ የመጨረሻውን ናሙና በወረቀት እናወጣለን፣ ደንበኛው ፊደል በፊደል አንብቦ ይፈርማል፣ ከፊርማው በኋላ የሚገኝ ስህተት የደንበኛው ነው። የሽያጭ ኃላፊው በጌታው ትእዛዝ ፈረመ። እኔ አተምኩ። አምሮ ነበር፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ቀለሙ እንደ አዲስ ጨርቅ ነው። ባለፋብሪካው ወረቀቱ እንዲጎላ ብሎ የከረጢቶቹን ማሰሪያ ክር ሳይቀር ነጭ አስደረገው።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ጠዋት ባለፋብሪካው እሷንም እኔንም በአስቸኳይ አስጠራን። ስንደርስ የስብሰባ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ አንዱ ወረቀት ተዘርግቷል፣ አጠገቡ ስልክ ተቀምጧል፣ የሽያጭ ኃላፊው ፊቱ አመድ መስሏል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ባለፋብሪካው ትናንት አንድ ደንበኛ አግኝቶት «ያቺ ስልክ የምታነሳዋ ሴትዮ ጫጩቶቼን አዳነችልኝ፣ እንዲህ ያለ ሰው ስለቀጠርክ እግዚአብሔር ይስጥህ» ብሎታል። ፋብሪካው ስልክ የምታነሳ ሴትዮ የለችውም። ወረቀቱን ሲያይ ቁጥሩ የእሱ አይደለም። አንድ ተፎካካሪ የእኛን ወረቀት ተጠቅሞ ደንበኞቹን እየነጠቀው እንደሆነ እርግጠኛ ሆኗል፤ ቁጥሩ የገባብኝ ከማተሚያ ቤቱ ነው ወይስ ከዲዛይነሯ እያለ ዓይኑን በሁለታችን ላይ ያንከራትታል። ደሜ ፈላ። ልጅቷን አየኋት፤ ወረቀቱን ወደ ራሷ ስባ ግርጌውን እያነበበች ነው። ከንፈሯ ነጭ ሆነ። እኔ ግን ገና ምንም አልገባኝም ነበር።

ሰውዬው ድምፁን ለሁላችን እንዲሰማ ከፍቶ ደወለ። ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተነሳ።

«ሃሎ፣ የመኖ ፋብሪካ» አለች አንዲት ሴት፣ በእርጋታ። «ምን ልታዘዝ?»

ባለፋብሪካው ጠቀሰንና እንደ ደንበኛ ሆኖ መኖው ተወደደብኝ፣ ረከስ ያለ ሌላ ፋብሪካ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። ወጥመድ መሆኑ ነው። ሴትዮዋ የሌላውን አላውቅም፣ የእኛ ግን ዋጋው አላግባብ አይደለም፣ ይልቅ ስንት ዶሮ እንዳለዎት ይንገሩኝና ልመዝግብ አለችው። ሰውዬው ግራ ገብቶት ስልኩን በመዳፉ ሸፈነ።

ያኔ ነው የገባኝ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ልጇ ስልኳን ሳታነሳ ስትቀር እኔ ጋ ነው የምትደውለው። በጠረጴዛው ሥር ልጅቷን በእግሬ ነካኋት። ፊርማ አለን። ናሙናው ላይ የሽያጭ ኃላፊው ስም በቀይ ቀለም ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል፤ ቁጥሩን ያላከውም እሱ ነው። እሷ ይህን ብቻ ብትናገር ነገሩ በእሱ አልቆ እኛ ነፃ ነን። እሱም ያውቀዋል፤ አንገቱን ደፍቷል።

«ይዝጉት» አለች። «እናቴ ናት። ቁጥሩን ለጊዜው ብዬ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ሳልቀይረው ረሳሁት። ማንም የነጠቀዎት የለም።»

ስለ ፊርማው ትንፍሽ አላለችም። ባለፋብሪካው ስልኩን ዘጋ። ይጮሃል ብዬ ስጠብቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገሩ የባሰ አስፈራኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት የማያውቃት አሮጊት በእሱ ስም ስለ እሱ መኖ ስትመክር ከርማለች፤ ምን እንዳለች፣ ለማን እንዳለች አያውቅም። እስክወስን የዓመቱ ሥራ ይቁም፣ ነገ ጠዋት ኑ አለ። ወጣን።

መኪናዬ ውስጥ ገባን። ወደ ማተሚያ ቤት ሳይሆን ወደ እናቷ ቤት ንዳ አለችኝ። እኔ በበኩሌ ስናደድ ነበር፤ ሰው በገዛ እጁ ያለውን መከላከያ እንዴት ይጥላል? ስምንት ዓመት የጠበቀችው ሥራ በአንድ ቃል ውሃ በላው። ይህን ሁሉ ላወርድባት ስል ፊቷን አየሁና ዋጥኩት።

የእናትየዋ ቤት ሁለት ክፍል ናት፤ ንጹሕ፣ ወለሉ የሚያዳልጥ። ስልኩ ቀድሞ ከነበረበት ጥግ ተነስቶ መስኮቱ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ የተቀረጹ ሁለት እርሳሶች፣ መነጽር፣ ትልቅ የመዝገብ ደብተር። እናትየዋ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ሹራቧን ደርባ፣ ሥራ ላይ እንዳለ ሰው ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ልጅቷ ገና ከበሩ ማልቀስ ጀመረች። እናቷ በስህተት የመጣውን ነገር ልጄ የሰጠችኝ ሥራ ነው ብላ ያመነች መስሏት ነበር፤ ለእኔም እንደዚያ ነው የመሰለኝ። እጇን ይዛ ተንበረከከችና እየተንተባተበች ቁጥሩ በስህተት እንደገባ፣ ፋብሪካው እንዳልቀጠራት፣ ከነገ ጀምሮ ስልኩ እንደማይጮህ ነገረቻት።

እናትየዋ እስክትጨርስ ጠበቀቻት። «ለፋብሪካው ነገርሻቸው?» አለች።

«ነገርኳቸው።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ የደበቅኩልሽን በአንድ ጠዋት አወጣሽው?»

ልጅቷ ቀና አለች። እኔም አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እናትየዋ በቁጣ ነው የምትናገረው፣ ከልቧ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰዎች ሲደውሉ ተሳስታችኋል ብላ ዘግታባቸዋለች። ሦስተኛዋ ሴት ግን አልዘጋም ብላ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንድ በአንድ አነበበችላት፤ የራሷ ቁጥር ነው። ልጇ የዶሮ መኖ ሥራ ይዣለሁ ብላት ነበርና ወዲያው ገባት። ተሳስታችኋል እያለች ብትቀጥል ሰዎቹ ፋብሪካው ድረስ ሄደው ያወራሉ፣ ከዚያ ልጇን ይይዟታል። ስለዚህ ከአራተኛው ደዋይ ጀምሮ «የመኖ ፋብሪካ» ሆነች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም፣ እማዬ?»

«ብነግርሽማ ሮጠሽ ትናገሪያለሽ» አለች እናትየዋ። «ይኸው።» ትንሽ ቆየችና ሹራቧን እየጎተተች፣ በቀስታ፣ «ደግሞ አልዋሽሽም፣ ስልኩ ሲጮህ ደስ ይለኝ ነበር» አለች።

እናትና ልጅ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ማየት ስለማልችል ደብተሩን ሳብኩ። የመዝገብ ቤት ሰው እጅ ያስታውቃል፤ ቀን፣ ስም፣ ስልክ፣ የዶሮዎቹ ብዛት፣ ጉዳዩ፣ የተሰጠው መልስ፣ ሁሉም በየአምዱ። ሠላሳ አንድ ሰው። ገሚሶቹ መኖው የት እንደሚገኝ የጠየቁ ናቸው። ሁለት ገጽ እንደገለጥኩ ግን አንድ ዓይነት ነገር ደጋግሞ መጣ፤ ጫጩቶች ቆዘሙ፣ ጫጩቶች መብላት አቆሙ፣ ጫጩቶች ሞቱ። ልጅቷን ጠራኋትና አሳየኋት።

እናትየዋ መነጽሯን አድርጋ አስረዳችን። የመጀመሪያዋ እንዲህ ብላ የደወለች ሴት ማንበብ አትችልም። እናትየዋ ልጅሽ የከረጢቱን ጽሑፍ ያንብብልኝ አለቻት። ልጁ «የእንቁላል ጣይ» ብሎ አነበበ። «ጫጩት እንቁላል ትጥላለች እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት፤ ያኔ ሴትዮዋ ጮኸች። ደዋዮቹ እያደር እንደነገሯት፣ ለእንቁላል ጣይ የሚሠራው መኖ የእንቁላሉ ቅርፊት እንዲጠነክር ኖራ ይበዛበታል፤ የጫጩት ሆድ አይችለውም። ድሮ የጫጩቱ ከረጢት በቢጫ ክር ነበር የሚሰፋው፣ ገዢም ሻጭም በእሱ ይለይ ነበር። አሁን ክሩ ሁሉ ነጭ፣ ወረቀቱ ሁሉ አንድ፣ ዶሮዋም ያቺው አንድ ዶሮ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናትየዋ የሚደውለውን ሁሉ አስቀድማ ከረጢቱን ታስነብባለች። ከሠላሳ አንዱ አሥራ ሦስቱ እንዲህ ተሳስተው የገዙ ነበሩ።

ልጅቷ አሥራ ሦስቱንም አነበበች፤ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። እንባዋ ደርቋል። ደብተሩን ልውሰደው ብላ ጠየቀች። እናትየዋ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠቻትና አደራ አለች፤ ለአሥራ ሦስቱም ፋብሪካው አጣርቶ ይደውልላችኋል ብላ ቃል ገብታላቸዋለች።

በማግስቱ ጠዋት ባለፋብሪካው ተረጋግቶ ጠበቀን። ሻይ አዘዘልን። ሌሊቱን አስቦበታል፤ ሁላችንም ነን ያላየነው፣ እኔም አላየሁም አለ። በቁጥሩ ላይ ትክክለኛው ቁጥር ያለበት ትንሽ ወረቀት ይለጠፍበት፣ የዓመቱ ሥራ ይቀጥል፣ ነገሩ እዚህ ይብቃ። የሽያጭ ኃላፊው ትንፋሹን ሲለቅ ከወዲህ ተሰማኝ። እኔም በልቤ ተመስገን አልኩ። ሥራው በእጇ ተመልሶ ገባ፤ የቀራት እግዜር ይስጥልኝ ብሎ መውጣት ብቻ ነው።

«ቁጥሩ ቀላል ነው» አለች። «መነሳት ያለባት ዶሮዋ ናት።»

በዚያች ቅጽበት አፏን በእጄ ብከድነው ደስ ባለኝ። ሰውዬው የሰማውን ያመነ አልመሰለም። ፎቶውን አየ፣ እሷን አየ። ድምፁ እንደ ልማዱ ከፍ አለ፤ አሥራ አንድ ጊዜ ተሠርታ፣ ወድጄያት፣ ተፈርሞባት፣ ታትማ፣ አሁን ምን ሆነች ነው የምትይኝ? እሷ አልጮኸችም። ዶሮዋ በጫጩት መኖ ላይ እስካለች ድረስ ቀሪውን ሥራ አልሠራም አለችና ጋዜጣውን ፈትታ ደብተሩን ዘረጋችለት። ጣቷን እያስኬደች አነበበችለት። ስልሳ ጫጩት የነበሯት ሴት አርባ አንዱ ሞተውባታል፤ «ሻጩም እኔም ዶሮዋን ነው ያየነው» ብላለች። አንድ ጡረተኛ ሁሉም አልቀውበታል። ከባንክ ተበድራ የጀመረች አንዲት ሴት እያለቀሰች ስለነበር ቁጥሩን በደንብ መመዝገብ አልተቻለም። ያ ያመሰገነው ሰውም አለበት፤ ጫጩቶቹ መኖውን በጀመሩ በሁለተኛው ቀን ደውሎ ስለነበር ሁሉም ተርፈውለታል።

ባለፋብሪካው ደብተሩን ወሰደና ራሱ ማንበብ ጀመረ። ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው።  አንድ ቦታ ላይ ቆሞ «በነጭ ክር ስፉ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ፤ ለማንም አልነበረም። የሽያጭ ኃላፊውን በፋብሪካው ስልክ ላይ ስንት ሰው ደውሎ እንደነበር ጠየቀው። ልጁ ያ ስልክ መጋዘኑ ውስጥ እንዳለ፣ የሚያነሳው ሰው እንደሌለ ተናገረ። ከዚያ ሰውዬው ስልኩን አነሳና ከደብተሩ ላይ የመጀመሪያውን ቁጥር ደወለ።

«ከመኖ ፋብሪካው ነው የምደውለው» አለ። «ባለቤቱ ነኝ።» ሊቀጥል ሲል ከወዲያ ያለችው ሴት አቋርጣው ትናገር ጀመር።  ያ ትልቅ ሰውነቱ ወንበሩ ላይ እየተሰበሰበ ሄደ። አንዴ «እሺ እናቴ» አለ፣ አንዴ «ልክ ነዎት» አለ፣ አንዴ ምን ያህል እንደሆኑ ጠይቆ ከአርባ አንዱ አጠገብ ምልክት አደረገ። ሁለተኛውን ደወለ። ሦስተኛውን ደወለ። ልጅቷ ከእሱ ፊት ቁጭ ብላ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ሁሉንም ሰማች። እንሂድ ብዬ ምልክት ብሰጣት እንዳላየች ሆነች።

ከአምስተኛው በኋላ ስልኩን አስቀምጦ መነጽሩን አወለቀና ዓይኑን በእጁ ጠረገ።

«መጀመሪያ ያመጣሽው ጫጩት ነበር፣ አይደል?» አላት። «ይምታታባቸዋል ብለሽኝም ነበር።»

«ብዬ ነበር» አለች። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያልኩት።»